የማይመዘነውን መገመት፤ በአልትራሳውንድ የሚሰላው የጽንስ ክብደትና የመሐንዲሱ ኃላፊነት

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)




ሚዛን የሰው ልጅ ከሠራቸው መሣሪያዎች ሁሉ ጥንታዊ ከሆኑትና እምነት ከሚጣልባቸው አንዱ ነው። ነጋዴውም፣ ወርቅ ሠሪውም፣ መድኃኒት ቀማሚውም በእርሱ ይዳኛሉ። አንድ ሕፃን ተወልዶ እትብቱ ከተቆረጠ በኋላ ብዙ ሳይቆይ ሚዛን ላይ ይቀመጥና ክብደቱ በካርድ ላይ ይጻፋል። ይኸው ሕፃን ከመወለዱ ከአንድ ቀን በፊት ግን በምንም ዓይነት ሚዛን ላይ ሊቀመጥ አይችልም። ይህም ሆኖ በአልትራሳውንድ መሣሪያው መስኮት ላይ «3260 ግራም» የሚል አኃዝ ይነበባል፤ በዚያው ካርድ ላይም ይጻፋል። ከልደት በፊትና ከልደት በኋላ የተጻፉት እነዚህ ሁለት አኃዞች በአንድ መለኪያ፣ በአንድ ዓይነት ቀለም፣ ጎን ለጎን ይታያሉ። አገኛኘታቸው ግን ፈጽሞ የተለያየ ነው። ከልደት በኋላ የተጻፈው የተመዘነ ሲሆን፣ ከልደት በፊት የተጻፈው የተሰላ ነው።

በዚህ ልዩነት ላይ ብዙ ነገር ተመሥርቷል። በተሰላው አኃዝ መነሻነት አንዲት እናት ሆዷ በቀዶ ጥገና ይከፈታል ወይም አይከፈትም፤ ምጥ በመድኃኒት ይጀመራል ወይም ይጠበቃል፤ በማሕፀን ውስጥ እየደከመ ያለ ሕፃን ይደረስለታል ወይም ይታለፋል። ውሳኔው የሐኪሙና የእናቲቱ ነው። አኃዙ ምን ያህል ሊታመን እንደሚገባው መናገር ግን በከፍተኛ ደረጃ የመሐንዲሱ ጉዳይ ነው፤ ምክንያቱም አኃዙ የድምፅ፣ የጊዜ፣ የርዝመትና የስሌት ውጤት ነውና። የዚህ ንግግር ዓላማ አንድ ነው፤ ይኸውም የጽንስ ክብደት ግምት ከነስሕተት ወሰኑ ካልተነገረ በቀር ሙሉ መረጃ አለመሆኑን ማስረዳትና፣ ያን ወሰን በማሳወቅና በማጥበብ ረገድ የሙያው ድርሻ ምን እንደሆነ ማመልከት ነው።

ከብረት ወደ ሰው አካል

በ1880 ዣክ ኩሪና ፒየር ኩሪ የተባሉት ወንድማማቾች አንዳንድ ክሪስታሎች ሲጫኑ የኤሌክትሪክ ሙል እንደሚያሳዩ ደረሱበት። የዚህ ባሕርይ ግልባጭም እውነት ስለሆነ፣ ክሪስታሉ ኤሌክትሪክ ሲሰጠው ይርገበገባል፤ ድምፅም ያወጣል። በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች ጊዜ ይህ ዕውቀት የባሕር ሰርጓጅ መርከቦችን ለመፈለግ አገልግሏል። ቆይቶም በፋብሪካዎች ውስጥ በብረት ሆድ የተደበቀ ስንጥቅን ለማግኘት ውሏል። ድምፁ ወደ ብረቱ ይላካል፤ ስንጥቅ ካጋጠመው እንደ ገደል ማሚቶ ይመለሳል።

መሣሪያውን ከብረት ወደ ሰው አካል ያሻገሩት በስኮትላንድ የግላስጎ ዩኒቨርሲቲ የማዋለድ ሕክምና ፕሮፌሰር የነበሩት ኢያን ዶናልድ ናቸው። ዶናልድ በጦርነቱ ጊዜ በብሪታንያ አየር ኃይል ውስጥ ያገለገሉ በመሆናቸው ለራዳርና ለመሳሰሉት መሣሪያዎች እንግዳ አልነበሩም። በሐምሌ ወር 1955 ከበሽተኞች በቀዶ ጥገና የወጡ ዕጢዎችንና ውኃ የቋጠሩ ከረጢቶችን በመኪና ጭነው፣ ሬንፍሩ በተባለው ቦታ ወደሚገኘው ባብኮክ ኤንድ ዊልኮክስ ወደተባለው የእንፋሎት ጋን ፋብሪካ ሄዱ። ፋብሪካው በበኩሉ ለማነጻጸሪያ የሚሆን ሙዳ የበሬ ሥጋ አቅርቦ ነበር። የብረት ስንጥቅ መፈለጊያው መሣሪያ ጠጣሩን ዕጢና ውኃ የቋጠረውን ከረጢት በግልጽ ለይቶ አሳየ።

ከዚህ በኋላ ቶም ብራውን የተባለ፣ በኬልቪን ኤንድ ሂዩዝ ኩባንያ የሚሠራ ወጣት መሐንዲስ ከፕሮፌሰሩ ጋር ተገናኘና ለሕክምና የሚስማማውን መሣሪያ ሠራ። በ1958 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣው ታዋቂ ጽሑፍ የኢያን ዶናልድን፣ የጆን ማክቪካርንና የቶም ብራውንን ስም በአንድነት ይዞ ነበር። በሐኪሞች መጽሔት ላይ የመሐንዲስ ስም እኩል መስፈሩ ለዚህ ማኅበር አባላት ልብ ሊባል የሚገባው ነው፤ መሣሪያው ከመነሻው የሁለት ሙያዎች የጋራ ሥራ እንደነበረ ይመሰክራልና።

በመጀመሪያዎቹ ዓመቶች የሚለካው በዋናነት የጽንሱ ራስ ቅል ስፋት ነበር። ራስ ግን የክብደት ታማኝ ምስክር አይደለም፤ ምግብ ያነሰው ጽንስ ከሌላው አካሉ ቀንሶም ቢሆን አንጎሉን ይመግባል። ስለዚህ የራሱ መጠን ደኅና ሆኖ ሳለ ሰውነቱ የመነመነ ሊሆን ይችላል። በ1975 ስቱዋርት ካምቤልና ዊልኪን የጽንሱን ሆድ ዙሪያ ጉበቱ በሚታይበት ቦታ ላይ በመለካት ክብደቱን ለመገመት የሚያስችል ዘዴ አወጡ። ጉበት የተረፈ ምግብ የሚከማችበት ብልት ስለሆነ ጽንሱ ሲጠግብ ይተልቃል፤ ሲራብ ይሟሽሻል። የሁለቱ ተመራማሪዎች ጽሑፍ ሌላም ቁም ነገር ነበረው። የግምቱን የስሕተት ወሰን ሳይሸሽጉ አብረው አትመዋል። ግምቱ 1 ኪሎ ግራም ሲሆን ከ100 ሕፃናት 95ቱ ከግምቱ በ160 ግራም ወሰን ውስጥ ተወለዱ፤ በ2፣ በ3 እና በ4 ኪሎ ግራም ደግሞ ወሰኑ በቅደም ተከተል 290፣ 450 እና 590 ግራም ነበር። ይህም ሲጠቃለል ግምቱ ወደ ላይም ወደ ታችም በመቶ 15 ያህል ሊዛነፍ ይችላል ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ መሣሪያዎቹ እጅግ ተሻሽለዋል፤ ምስሉ ጠርቷል፤ ስሌቱም በኮምፒዩተር ሆኗል። የስሕተቱ ወሰን ግን ከዚያ ብዙ አልጠበበም። ይህ የሆነበትን ምክንያት ለመረዳት አኃዙ እንዴት እንደሚገኝ መከተል ያስፈልጋል።

አኃዙ እንዴት ይገኛል?

አልትራሳውንድ በመሠረቱ ርዝመትን እንኳ በቀጥታ አይለካም። የሚለካው ጊዜን ነው። ፕሮቡ ድምፅ ይልካል፤ ድምፁ ከአካል ድንበር ላይ ተመልሶ እስኪመጣ ያለው ጊዜ ይቆጠራል። መሣሪያው ድምፅ በለስላሳ የሰውነት ክፍል ውስጥ በሴኮንድ 1540 ሜትር ይጓዛል ብሎ ስለሚያስብ፣ በ13 ሚሊዮንኛ ሴኮንድ የተመለሰው ማሚቶ ከ1 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት የመጣ ነው ይላል። እንግዲህ የመጀመሪያው እርምጃ ጊዜን ወደ ርዝመት መለወጥ ነው።

ሁለተኛው እርምጃ የባለሙያው ነው። ባለሙያው የጽንሱን ራስ፣ ሆድና የጭን አጥንት በተወሰነ አቅጣጫ የሚያሳዩ ምስሎችን ይፈልጋል፤ ምስሉን ያቆማል፤ በምስሉ ላይም ምልክት እያደረገ የራስ ዙሪያን፣ የሆድ ዙሪያንና የጭን አጥንትን ርዝመት ይለካል።

ሦስተኛው እርምጃ የቀመሩ ነው። በዓለም ላይ በሰፊው ከሚሠራባቸው አንዱ በአሜሪካ በቴክሳስ ግዛት ፍራንክ ሃድሎክና ባልደረቦቻቸው በ1985 ያሳተሙት ነው። ከቀመሮቻቸው አንዱ በአማርኛ ሲጻፍ እንደሚከተለው ይሆናል፤

የክብደት ሎጋሪዝም = 1.326 + (0.0107 × ራስ ዙሪያ) + (0.0438 × ሆድ ዙሪያ) + (0.158 × ጭን አጥንት) − (0.00326 × ሆድ ዙሪያ × ጭን አጥንት)

ርዝመቶቹ በሳንቲ ሜትር፣ ክብደቱ በግራም፣ የሎጋሪዝሙም መሠረት 10 ነው። ራስ ዙሪያው 33.5፣ ሆድ ዙሪያው 34.0፣ ጭን አጥንቱ 7.2 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጽንስ ቢወሰድ ሎጋሪዝሙ 3.5132 ይሆናል፤ ክብደቱም 3260 ግራም ነው። በመስኮቱ ላይ የሚታየው አኃዝ በዚህ መንገድ የተገኘ ነው።

በእነዚህ ሦስት እርምጃዎች ውስጥ ክብደት የሚባል ነገር አንድ ጊዜም አልተለካም። ቀመሩ የተገኘው ጥቂት ቀደም ብሎ በአልትራሳውንድ የተለኩ ሕፃናት ሲወለዱ ተመዝነው፣ ልካቸውና ክብደታቸው በሪግሬሽን ስለተዛመደ ነው። ስለዚህ ቀመሩ «ይህን የመሰለ ልክ የነበራቸው ሕፃናት በአማካይ ይህን ያህል መዝነዋል» ከማለት ያለፈ ቃል የለውም። በሆድ ውስጥ ያለው ይህ አንድ ሕፃን ግን አማካይ አይደለም። አንዱ ሕፃን አጥንተ ሰፊ፣ ሌላው ሥጋው የደለበ፣ ሦስተኛው ትከሻው የሰፋ ሊሆን ይችላል። ስብ ከጡንቻ ይቀላል፤ ሦስቱ ልኮች ግን ስቡን ከጡንቻው ለይተው አያሳዩም። አንድ ዓይነት ልክ ያላቸው ሁለት ሕፃናት በብዙ ግራም ተለያይተው ቢወለዱ መሣሪያው ዋሸ ሊባል አይቻልም፤ የተጠየቀው ሦስት ርዝመት ብቻ ነበርና።

ስሕተቱ ከየት ይመጣል?

ስሕተቱ ከሦስት ምንጮች ይፈልቃል፤ ከመሣሪያው፣ ከእጅና ከቀመሩ።

ከመሣሪያው ስንጀምር፣ ፕሮቡ በ3.5 ሜጋኸርዝ ሲሠራ የድምፁ ሞገድ ርዝመት 0.44 ሚሊ ሜትር ነው። በድምፁ የጉዞ አቅጣጫ የተቀራረቡ ነጥቦችን የመለየት ኃይሉ ጥሩ ነው፤ በአግድም ግን የድምፁ ጨረር ስፋት ስላለው ድንበሩ ይደበዝዛል። በእናቲቱ ሆድ ላይ ያለው ስብም ድርሻ አለው። በስብ ውስጥ ድምፅ በሴኮንድ 1450 ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ መሣሪያው ስቡን ከእውነተኛው ይበልጥ ወፍራም አድርጎ ያያል። ይህ በራሱ ከስቡ በስተኋላ ያለውን ጽንስ በጥልቀት ዝቅ አድርጎ ያሳየዋል እንጂ በቁመት ያለውን ልክ አይለውጥም። ዋናው ጉዳት ድምፁ በድንበሩ ላይ መታጠፉና መድከሙ፣ ከዚህም የተነሣ ምስሉ መደብዘዙ ነው።

ከእጅ የሚመጣው ስሕተት በሆድ ዙሪያ ላይ ይበረታል። ምስሉ የእምብርት ደም ሥር በጉበት ውስጥ በሚታይበት ቦታ ላይ በትክክል አግድም ካልተቆረጠ፣ ክቡ ወደ ሞላላነት ይለወጥና ልኩ ያድጋል። ከላይ በተሰጠው ምሳሌ ላይ ሆድ ዙሪያው 34 መሆኑ ቀርቶ 35 ሳንቲ ሜትር ተብሎ ቢነበብ ግምቱ ከ3260 ወደ 3416 ግራም ያድጋል፤ 33 ተብሎ ቢነበብ ወደ 3111 ይወርዳል። የአንድ ሳንቲ ሜትር የዙሪያ ልዩነት በዲያሜትር ሲታሰብ ሦስት ሚሊ ሜትር ከሩብ እንኳ አይሞላም። በጭን አጥንት ላይ የ2 ሚሊ ሜትር ስሕተት 70 ግራም ያህል ያመጣል። በራስ ዙሪያ ላይ የ1 ሳንቲ ሜትር ስሕተት ደግሞ 80 ግራም ያህል ያስከትላል። እንግዲህ ከፍተኛ ጥንቃቄ የሚገባው ሆድ ዙሪያው ነው።

«አሥር ጊዜ ለክተህ አንድ ጊዜ ቁረጥ» የሚለው የአባቶች ምክር እዚህም ይሠራል። ልኩን ሦስት ጊዜ ወስዶ አማካዩን መያዝ የእጅን ስሕተት ይቀንሳል። ይሁን እንጂ ምክሩ ወሰን አለው። ከቀመሩ የሚመጣው ስሕተት በመደጋገም አይጠፋም፤ ያው ሕፃን በያው ቀመር መቶ ጊዜ ቢሰላ መቶ ጊዜ ወደ አንድ ወገን ያጋድላል። የመሣሪያዎች መሻሻል የስሕተቱን ወሰን በብዙ ያላጠበበውም ስለዚህ ነው፤ የቀረው ስሕተት በአመዛኙ የሚኖረው በምስሉ ጥራት ላይ ሳይሆን በሕፃናት ተፈጥሯዊ ልዩነት ላይ ነው።

ሦስቱ ሲደመሩ በጥሩ ባለሙያ እጅ እንኳ የግምቱ መደበኛ ልይይት ከክብደቱ በመቶ 7.5 እስከ 10 ይደርሳል። ዝቅተኛውን ብንይዝ 3260 የተባለው ሕፃን ከ2770 እስከ 3750 ግራም ባለው ወሰን ውስጥ ይገኛል ማለት ይቻላል። ይህ ወሰን «ቀጭን» ከሚባለው ሕፃን እስከ «ደንዳና» የሚባለውን ያቅፋል።

በዚህ ላይ አንድ ትሕትናን የሚያስተምር እውነት መጨመር ይገባል። በ1992 በአሜሪካ በታተመ ጥናት፣ ከዚህ በፊት የወለዱ እናቶች በምጥ ጊዜ ስለ ልጃቸው ክብደት የሰጡት ግምት ከሐኪሙ የእጅ ዳሰሳም ሆነ ከአልትራሳውንዱ ስሌት የማይተናነስ ሆኖ ተገኝቷል። የሠለጠነች አዋላጅ ነርስ እጅና የእናት ስሜት ከመሣሪያው ጋር ሲለያዩ፣ ልዩነቱ ራሱ እንደ ምልክት ተቆጥሮ ልኩ እንደገና ሊወሰድ ይገባል።

«ትልቅ ነው» የተባለው ሕፃን

የስሕተቱ ወሰን ከሁሉ ይበልጥ የሚያስጨንቀው ሕፃኑ ትልቅ ነው ሲባል ነው። ስጋቱ እውነተኛ ነው። ራሱ ከወጣ በኋላ የሕፃኑ ትከሻ በእናቲቱ አጥንት ሊያዝ፣ የክንዱም ነርቭ ሊጎዳ ይችላል። የእናት የስኳር በሽታ ካለ ስቡ በትከሻና በደረት ላይ ስለሚከማች አደጋው ይበልጣል። ሆኖም ትከሻቸው ከሚያዝባቸው ሕፃናት ግማሽ ያህሉ ከ4000 ግራም በታች የሚመዝኑ ናቸው። ክብደትን ፍጹም በሆነ መንገድ ማወቅ ቢቻል ኖሮ እንኳ አደጋውን ሁሉ አስቀድሞ ማወቅ አይቻልም ነበር።

የቁጥሩ ጠባይ ደግሞ ሌላ ችግር ያመጣል። ለምሳሌ ያህል ብቻ፣ ከ1000 እናቶች መካከል 20ዎቹ በእርግጥ ከ4500 ግራም በላይ የሆነ ሕፃን ይዘዋል እንበል። አልትራሳውንዱ ከ20ዎቹ 12ቱን ቢያገኝና ከቀሩት 980 መካከል በመቶ 3 የሚሆኑትን በስሕተት «ትልቅ» ቢል፣ በስሕተት የተፈረጁት 29 ይሆናሉ። በጠቅላላው ትልቅ ከተባሉት 41 ሕፃናት ውስጥ በእርግጥ ትልቅ የሆኑት 12 ብቻ ናቸው። ይህ የጥናት ውጤት ሳይሆን ለማስረጃ የተወሰደ ስሌት ነው፤ ነገር ግን ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ያሳያል። የሚፈለገው ነገር ጥቂት በሆነበት ቦታ ሁሉ ትንሽ የሚመስለው የስሕተት መቶኛ ከእውነተኞቹ ይልቅ ብዙ ሐሰተኞችን ይወልዳል። የፋብሪካ ዕቃ የሚፈትሽ መሐንዲስ ይህን ሕግ ከቀን ሥራው ያውቀዋል።

በ1996 ድዋይት ራውዝና ባልደረቦቻቸው በአሜሪካ የሕክምና ማኅበር መጽሔት ባሳተሙት ትንተና ይኸው ነገር በአኃዝ ተገልጿል። የስኳር በሽታ የሌለባቸው እናቶች ሁሉ ግምቱ 4500 ግራም ሲደርስ በቀዶ ጥገና ቢወልዱ፣ አንድ ዘላቂ የክንድ ነርቭ ጉዳት ለማስቀረት 3695 ቀዶ ጥገናዎች ያስፈልጋሉ። የስኳር በሽታ ላለባቸው እናቶች ግን አኃዙ ወደ 443 ይወርዳል። የአሜሪካ የማሕፀንና ጽንስ ሐኪሞች ኮሌጅም በእነዚህ ምክንያቶች የታቀደ ቀዶ ጥገና ሊታሰብ የሚገባው የስኳር በሽታ ለሌለባት እናት ግምቱ 5000 ግራም፣ ላለባት ደግሞ 4500 ግራም ሲደርስ እንደሆነ ይመክራል። በሁለቱ መካከል ያለው የ500 ግራም ልዩነት፣ አንድ አኃዝ ትርጉሙን የሚያገኘው ከእናቲቱ ጠቅላላ ሁኔታ ጋር ሲነበብ መሆኑን ያስረዳል።

በኢትዮጵያ ሁኔታ ነገሩ ተጨማሪ ክብደት ይኖረዋል። ቀዶ ጥገና ሕይወት አዳኝ ነው፤ በሚያስፈልግበት ቦታ አለመገኘቱ የብዙ እናቶችን ሕይወት ቀጥፏል። ነገር ግን በማሕፀን ላይ የሚቀረው ጠባሳ በሚቀጥለው ምጥ ጊዜ የመቀደድ አደጋ ስላለው፣ እናቲቱ ሁለተኛውን ልጅ ቀዶ ጥገና በሚሠራበት ሆስፒታል ወይም በአቅራቢያው እንድትወልድ ይገባል። በ2019 በኢትዮጵያ የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳመለከተው፣ ከጥናቱ በፊት በነበሩት ዓመታት ከተከናወኑት ልደቶች በጤና ተቋም የተደረጉት በመቶ 48 ነበሩ። ከሦስት ዓመት በፊት በ2016 ከነበረው በመቶ 26 ጋር ሲነጻጸር ትልቅ እርምጃ ነው። ይሁንና ከግማሽ የሚበልጡት እናቶች ያን ጊዜ በቤታቸው ይወልዱ ነበር። በተዛነፈ ሆድ ዙሪያ ምክንያት ያለ አስፈላጊነት የተከፈተ ማሕፀን፣ መዘዙ የሚመጣው ከዓመታት በኋላ፣ መኪና በማይደርስበት ቀበሌ ሊሆን ይችላል።

«ትንሽ ነው» የተባለው ሕፃን

የግምቱ ሌላው ጠርዝ አነስተኛው ነው። እንግዴ ልጁ በሚገባ ባለመሥራቱ እድገቱ የተገታ ጽንስ በጊዜው ካልታወቀ በማሕፀን ውስጥ ሊሞት ይችላል። እዚህ ላይ አልትራሳውንድ ከማንኛውም ዘዴ የተሻለ አገልግሎት ይሰጣል፤ ከአንድ ልክ ይልቅ ተከታታይ ልኮች ብዙ ይናገራሉና። ነገር ግን በልኮቹ መካከል ያለው ጊዜ በስሌት መወሰን አለበት።

በመጨረሻዎቹ ወራት ጤናማ ጽንስ በሳምንት 200 ግራም ገደማ ይጨምራል። 2500 ግራም በሚመዝን ጽንስ ላይ በመቶ 7.5 የሆነ መደበኛ ልይይት 190 ግራም ያህል ነው። የሁለት ልኮች ስሕተት አንዱ ከሌላው ነፃ ነው ተብሎ ቢታሰብ፣ የልዩነታቸው መደበኛ ልይይት 265 ግራም ይሆናል። ስለዚህ በሳምንቱ ተመልሳ የመጣች እናት «ልጅሽ አላደገም» ብትባል፣ የተነገራት ነገር ከስሕተቱ ጫጫታ በታች ያለ ድምፅ ነው። ከሦስት ሳምንት በኋላ ግን የሚጠበቀው ጭማሪ 600 ግራም ስለሚሆን ልዩነቱ ይሰማል። የብሪታንያ የማሕፀንና ጽንስ ሐኪሞች ሮያል ኮሌጅ እድገትን ብቻ ለመመርመር የሚወሰዱ ልኮች ቢያንስ ሦስት ሳምንት እንዲራራቁ የመከረውም የሐሰት ምልክትን ለመቀነስ ነው። አስቸኳይ ስጋት ሲኖር ሐኪሙ የሚመለከተው ሌላ ነገር አለ፤ ይኸውም የደም ዝውውሩን፣ የሽርት ውኃውንና የልብ ምቱን ነው።

ትንሽነት የሚለካው ከሌሎች ጋር በማነጻጸር ስለሆነ፣ የማነጻጸሪያው ሠንጠረዥ ምንጭም መታወቅ አለበት። በ2014 የወጣው ኢንተርግሮውዝ 21 የተባለው ዓለም አቀፍ ጥናት በስምንት አገሮች የተካሄደ ሲሆን ከአፍሪካ ኬንያ ተካፍላበታለች። በ2017 የወጣው የዓለም ጤና ድርጅት ሠንጠረዥ ከአሥር አገሮች የተሰበሰበ ሲሆን ከአፍሪካ ግብፅና ዴሞክራቲክ ኮንጎ ነበሩበት። ኢትዮጵያ በሁለቱም ውስጥ አልነበረችም። ከፍተኛ ቦታ የልደት ክብደትን ዝቅ እንደሚያደርግ በኮሎራዶና በአንዲስ ተራሮች ከታወቀ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ ደጋማ አገር ላላት ኢትዮጵያ ይህ ሊዘነጋ የማይገባው ነጥብ ነው። ከሁሉ በፊት ደግሞ የእርግዝናው ዕድሜ በትክክል መታወቅ አለበት፤ በዕድሜው ላይ የሦስት ሳምንት ስሕተት ካለ ጤናማው ሕፃን ቀጭን፣ ቀጭኑም ጤናማ ይመስላል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 አንድ የአልትራሳውንድ ምርመራ ከ24ኛው ሳምንት በፊት እንዲደረግ የመከረበት አንዱ ዓላማ ይህን ዕድሜ ለማወቅ ነው።

የመሐንዲሱ ድርሻ

ከዚህ ሁሉ የሚከተለው ተግባራዊ ነው። የሕፃናትን ተፈጥሯዊ ልዩነት መሐንዲሱ ሊያጠፋው አይችልም፤ ከመሣሪያውና ከአሠራሩ የሚመጣውን ስሕተት ግን ሊቀንስ፣ የቀረውንም ሊያሳውቅ ይችላል።

አንደኛ፣ የርዝመት ልኩ በየጊዜው መፈተሽ አለበት። ለዚህ የሚሠሩት የሙከራ ዕቃዎች ውድ ናቸው፤ ሆኖም እነርሱ እስኪገኙ ሥራው መቆም የለበትም። በቀጭን ናይሎን ክር በታወቀ ርቀት የተወጠረ የውኃ ሣጥን ለመጀመሪያ ፍተሻ ይበቃል። በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ንጹሕ ውኃ ውስጥ ድምፅ በሴኮንድ 1482 ሜትር ስለሚጓዝ፣ መሣሪያው ግን 1540 ብሎ ስለሚያስብ፣ በቁመት በ10 ሳንቲ ሜትር የተራራቁ ሁለት ክሮች 10.4 ሳንቲ ሜትር ሆነው መነበብ አለባቸው። ይህን አስቀድሞ አስልቶ የሚያውቅ ባለሙያ፣ አኃዙ ከወር ወር ሲንሸራተት በቀላሉ ይደርስበታል።

ሁለተኛ፣ ፕሮቡ መታየት አለበት። ከክሪስታሎቹ አንዳንዶቹ ሲሞቱ በምስሉ ላይ ቀጥ ያለ ጥላ ይወጣል፤ ባለሙያው ግን ቀስ በቀስ ይለምደውና ማየቱን ይተዋል።

ሦስተኛ፣ በመሣሪያው ውስጥ የትኛው ቀመርና የትኛው የእድገት ሠንጠረዥ እንደተመረጠ ተመዝግቦ በመሣሪያው ላይ መለጠፍ አለበት። አንድ መሣሪያ በርካታ ቀመሮችን ይዞ ይመጣል፤ በአንድ ሆስፒታል ያሉ ሁለት መሣሪያዎች በተለያየ ቀመር ከሠሩ፣ በሁለቱ መካከል የተመላለሰች እናት ሕፃን በወረቀት ላይ ሊያድግ ወይም ሊከሳ ይችላል።

አራተኛ፣ ግምቱ ከነወሰኑ መጻፍ አለበት። ብዙ መሣሪያዎች የስሕተቱን ወሰን በጎን ማተም ይችላሉ፤ ወደ እናቲቱ ካርድ ሲገለበጥ ግን ብዙውን ጊዜ አኃዙ ብቻውን ይሻገራል። «3260 ግራም» ከማለት «3250 ገደማ፤ ከ2750 እስከ 3750 ሊሆን ይችላል» ብሎ መጻፍ የሚፈጀው ተጨማሪ ቀለም እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ የሚያስተላልፈው እውነት ግን ብዙ ነው። የመጨረሻዋ የ60 ግራም ትክክለኛነት በመሣሪያው ውስጥ የለችም፤ ስለዚህ በወረቀቱም ላይ ልትኖር አይገባም።

አምስተኛ፣ እያንዳንዱ ሆስፒታል የራሱን ስሕተት ማወቅ ይችላል። ሕፃኑ ከመወለዱ በፊት በነበረው ሳምንት የተገመተውንና በልደቱ ጊዜ የተመዘነውን ክብደት በአንድ መዝገብ ላይ ጎን ለጎን ማስፈር፣ በየዓመቱም ልዩነቱን ማስላት ወረቀትና እርሳስ ብቻ የሚጠይቅ ሥራ ነው። በእርግጥ የልደት ሚዛኑም ራሱ በታወቀ ድንጋይ መፈተሽ ይኖርበታል። ይህ መዝገብ ባለበት ቦታ ሐኪሙ የሚናገረው የቴክሳስን ወይም የለንደንን ወሰን ሳይሆን የራሱን ክፍል ወሰን ነው።

የተከበራችሁ አባላት፤ ቶም ብራውን የብረት ስንጥቅ መፈለጊያውን ለእናቶች እንዲያገለግል አድርጎ ሲያበጅ፣ ወደ ሕክምና ያመጣው ዕቃውን ብቻ አልነበረም፤ የሙያውንም ልማድ አምጥቷል። በዚያ ልማድ አንድ ልክ ያለ ስሕተት ወሰኑ አይነገርም። አንዲት ነፍሰ ጡር «ልጄ ስንት ኪሎ ነው?» ብላ ስትጠይቅ የሚሰጣት መልስ እርግጠኛ እንዲመስል ሲባል ወሰኑ ከተቀነሰበት፣ ውሳኔዋ ባልተነገራት ጥርጣሬ ላይ ይቆማል። ወሰኑ በቀላል ቋንቋ ከተነገራት ግን፣ እርሷም ሐኪሟም ቢላዋውን ወይም ትዕግሥቱን የሚመርጡት እያወቁ ይሆናል። ሕፃኑ በመጨረሻ ይወለዳል፤ ይመዘናልም። እስከዚያ ድረስ ያለውን ግምት በተቻለ መጠን ታማኝ ማድረግ የዚህ ሙያ ሥራ ነው።